የቆረጥኩት ስድስት እግር ቡና

ስድስቱን እግር ቡና የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሰፈራችን ወሬው ሲዞር «መምህሩ ነው ያሳበዳት»፣ «ልጅቷ ናት ያስቆረጠቻት»፣ «ባልየው ሳይፈቅድ አይቀርም» እየተባለ ጥፋቱ ለሰው ሁሉ ሲከፋፈል ሰምቻለሁ። አልወደድኩትም። ገጀራውን የሳልኩት እኔ፣ ያነሳሁትም እኔ ነኝ። ማንም እንዲያግዘኝ አልፈልግም።

ሚዛን ከተማ ዙሪያ ቡና መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም። እዚህ ሴት ባሏን ጥላ ብትሄድ ሁለት ሳምንት ይወራባትና ይረሳል። የሚያፈራ ቡና በቁሙ ከቆረጠች ግን የልጅ ልጆቿ ሲዳሩ ሳይቀር ይነሳባታል። እኔም ያንን አውቄ ነው የገባሁበት።

ቤታችን ከአማቴ፣ ከባለቤቴ አባት ማለቴ ነው፣ ከእሳቸው ቤት ዝቅ ብሎ ከዳገቱ ሥር ነው። ቡናው ከአጥራቸው ተነስቶ ቁልቁል ይወርድና እኛ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ነው የሚቆመው። መስኮት ስከፍት ቅርንጫፍ ይገባል። በፊት እንዲህ አልነበረም ይላሉ። ሟቿ የባለቤቴ እናት በሕይወት ሳሉ ከቤቱ ጀርባ ጎደሬ፣ ጎመንና ዱባ ነበራቸው። ቡና ዋጋ ሲያወጣ ጎደሬው ተነቀለ፤ ቀጥሎ ጎመኑ። እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ ለዱባው የሚከራከርለት ሰው ጠፋ። እኔ በሙሽርነት ስመጣ ጓሮ የሚባል ነገር አላገኘሁም፤ አልፈለግሁትምም። ያደግሁት ቴፒ ነው። አባቴ በቡና እርሻ ተቀጣሪ ስለነበር ለእኛ ምግብ ማለት ከገበያ ተገዝቶ የሚመጣ ነገር ነበር። ስለዚህ ማንንም ልወቅስ አልችልም፤ እኔም እስከ አንገቴ ገብቼበት ነበር።

እንዴት እንደምንበላ ልናገር። ጠዋት በስኳር የከበደ ሻይ በዳቦ። ምሳ ሽሮ። ማታ መኮሮኒ፣ ካልሆነም ሩዝ፣ ካልሆነም ከምሳ የተረፈው ሽሮ። በምግቡ ላይ፣ አንዳንዴም ገና በጉርሻ መሐል፣ ሻይ ወይም ጨሞ ይከተላል። ጨሞ በእኛ አገር የቡና ቅጠል ተፈልቶ በቃሪያና በዝንጅብል የሚጠጣው ነው፤ አማቴ ያለ እሱ እህል አይወርድላቸውም። ዶሮዎች ነበሩን፤ እንቁላሉ ግን ወይ ለእንግዳ ነው ወይ ለገበያ። ጎመን የጾም ነው። በፍስክ ጎመን ያቀረበች ሴት ቤቷ ችግር ገብቷል ይባልባታል። መኮሮኒ ግን የከተማ ስለሆነ ክብር አለው። እና ሁላችንም ጠግበን ነበር የምንተኛው።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ስትገባ መድከም ጀመረች። ከቦኖ ትንሿን ጀሪካን ይዛ ስትመጣ ሁለት ቦታ ትቀመጣለች። መጫወት ተወች፤ ደብተሯን ከፍታ ታፈጣለች። ሰነፈች ብዬ ተቆጣኋት። አንድ ቀን እንዲያውም ጀሪካኑን አስመልሼ ደግማ እንድትቀዳ ልኬአታለሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ያደረግሁት ነው። በዚያው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ወደቀች።

ጤና ጣቢያ ነርሷ የልጄን የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አሳየችኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ነጭ ነው። ደሟን መረመሩ፤ ትላትልም እንደሌለባት አዩ። ደም ማነስ ነው አለች። እንክብል ሰጠችንና የምትበላውን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ስመልስላት ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ጎመን፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ከተገኘም ሥጋ መብላት አለባት፤ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አይሁን፤ እንክብሉ ሲያልቅ ምግቡ ካልተስተካከለ ተመልሳ ትወድቃለች አለችኝ። ቀጥላ ጓሮ የላችሁም ወይ ብላ ጠየቀች።

«ቡና አለን» አልኳት፣ በኩራት።

«ቡና ትበላለች?» አለችኝ።

በዚያ ሰዓት ብመታት ደስ ይለኝ ነበር። ቤት እስክደርስ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ።

ጎመን ከገበያ መግዛት ጀመርኩ። ቅዳሜ የተገዛው ሰኞ ይጠወልጋል፤ ረቡዕ ምንም የለም። የአስቤዛውን ብር የሚይዘው ባለቤቴ ነው፤ እሱ ገበያ ከሄደ ስኳርና መኮሮኒ ይዞ ይመጣል እንጂ ቅጠል አይታየውም። ቅጠል የፍየል ነው፤ አባቱ እንደዚያ ብለው ነው ያሳደጉት።

እንግዲህ ወደ መምህሩ ልመለስ፤ የመጣው ልጄ ከመውደቋ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከቱም ከተማ የመጣ ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ነው። ከእሱ በፊት በልጄ ትምህርት ቤት የአትክልቱ ቦታ የቅጣት ቦታ ነበር። ያረፈደ ይቆፍራል፣ የረበሸ ያርማል፤ የደረሰውን ሰላጣ ማን እንደሚወስደው እግዜር ይወቀው። ልጆቹ ዶማ ሲያዩ ያለቅሱ ነበር። እሱ ቅጣቱን አስቀረ። ለየክፍሉ መደብ አወጣ፣ መቆፈርን ትምህርት አደረገው፤ የደረሰውንም ልጆቹ ወደ ቤት ይዘው እንዲሄዱ አደረገ። ወላጆች ስብሰባ ላይ ጮኹበት። ልጃችንን የላክነው እስክሪብቶ እንድትይዝ ነው፣ ዶማማ ቤትም አለ አሉት። እኔም ከጮኹት አንዷ ነበርኩ። ልጄ የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ የቤት ሥራ ሰጣቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ውስጥ አንድ መደብ ይሠራል፤ ከትምህርት ቤቱ የተሰጠውን ችግኝ ይተክላል፤ ሲደርስ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር አብስሎ ይበላል። መምህሩ እየዞረ አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ልጄ አሥራ ሁለት የጎመን ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ፊቷ ላይ ደስታ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ተከልን። እዚህ ላይ የሠራነውን ስህተት የሚሠራው የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። እኛ ችግኝ ሲባል ጥላ ነው የሚታየን። የቡና ችግኝ ከላዩ ዳስ ይሠራለታል፤ ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል። ስለዚህ ከልጄ ጋር ዞረን ዞረን የዋንዛው ጥላ ከሁሉ የሚከብድበትን፣ ቡናው ከሁሉ የገጠመበትን ቦታ መርጠን ጎመኑን እዚያ አስገባነው። ባለቤቴ እንኳ ማታ ሲመለስ አይቶ አዘነና የኮባ ቅጠል ቆርጦ ከላይ አለበሰልን። ቅጠል የፍየል ነው የሚለው ሰውዬ! እንደ ሕፃን ተንከባከብነው። ጎመኑ እንደ ሽቦ ቀጠነ፤ ወደ ላይ ተመዘዘ፤ ገረጣ። ሦስቱ በስብሰው ወደቁ።

መምህሩ መጥቶ ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ። አልፈርድበትም፤ ያስቃል። ከዚያ እነዚህ ፀሐይ ነው የጎደላቸው አለን። ሁላችንም ቀና አልን። ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛ፣ ከዋንዛው በላይ ሌላ ዋንዛ። በእኛ ግቢ ፀሐይ የሚያርፈው ቆርቆሯችን ላይ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬበት ልብ አላልኩትም። ለልጄ ከአሥር ሦስት ጻፈላትና ሌላ ችግኝ እሰጥሻለሁ፣ ቦታ ፈልጊ ብሏት ሄደ።

ልጄ አለቀሰች። ስለ ነጥቡ መስሎኝ አባበልኳት።

«ደሜን ከየት ነው የማመጣው?» አለችኝ።

ያን ቀን ወሰንኩ። በመጀመሪያ በወጉ ጠየቅሁ። ባለቤቴን ስጠይቀው አባቴን ጠይቂ አለኝ። አባቱን ለመጠየቅ ዳገቱን ወጣሁ። ከወጥ ቤቴ በር ፊት ያሉትን ስድስት እግር ቡናና የአንዱን ዋንዛ ቅርንጫፎች ብቻ ነው የጠየቅሁት። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ለልጄ ማር የሚልኩላት፣ ስትታመም አጠገቧ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ግን ቡና የሚለውን ቃል ስጠራ ጆሯቸው ተዘጋ። ጎመን ገበያ ሞልቷል አሉኝ። ልጅቱ እንክብሏን ትዋጥ፣ ትድናለች አሉኝ። ከዚያ ወሬ ቀየሩ። እምቢ እንኳ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ወሬ ነው የቀየሩብኝ።

ሁለቱም፣ አባትና ልጅ፣ ቴፒ ለለቅሶ የሄዱ ለት ጠዋት ገጀራውን ሳልኩ። ሰው በሌለበት ነው ያደረግሁት፤ ይህንንም አልደብቅም። ቢኖሩ ከእጄ ይቀሙኝ ነበር። መጀመሪያ የቀላውን ፍሬ አንድም ሳላስቀር ለቅሜ ለእሳቸው በቅርጫት አስቀመጥኩ። ከዚያ ቆረጥኩ። የቡና እንጨት ጠንካራ ነው፤ ሦስተኛው ላይ መዳፌ ውኃ ቋጠረ፣ አምስተኛው ላይ ፈነዳ። ልጄ ቅርንጫፉን እየጎተተች ታወጣለች፤ ጥቂት ጎትታ ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትነሳለች። የምትቀመጠውን ባየሁ ቁጥር እጄ ኃይል ያገኝ ነበር። ለዋንዛው ቅርንጫፍ አንድ ጎረቤት ለመንኩ፤ አማቴን ፈርቶ እምቢ አለ። ልብሴን ሸብ አድርጌ እኔው ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቴ በር ላይ ፀሐይ ወደቀ። ሁለታችንም ገብተን ቆምንበት።

በማግስቱ አማቴ ተመለሱ። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። ጉቶዎቹን እየዞሩ በእጃቸው ነኩ፤ ስድስቱንም። ከዚያ እጃቸውን ወደ ባለቤቴ ዘርግተው፣ እኔን እያዩ «ይህ ልጅ ዳዴ ሲል የተከልኳቸው ናቸው» አሉ። አንጀቴን በሉኝ። አለቀስኩ። ግን እያለቀስኩም ቢሆን ጉቶዎቹ እዚያ ስለሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም የሚል ሰው ካለ መጥቶ ይጠይቀኝ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም ባለ ቡና። አማቴ ከፊታቸው፣ ባለቤቴ ከጎናቸው፣ እኔ ለብቻዬ። ብዙ ተናገሩ። ከቴፒ የመጣች ሴት የዚህን ቤት ሥር ቆረጠች ተባለ። የመምህሩም ስም ተነሳ፤ ለልጆቻችን ምን እያስተማረ እንደሆነ ይጣራ ተባለ። ፍርዱ አጭር ነበር። ጉልበት ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ክረምት ሲገባም በቦታው ስድስት የቡና ችግኝ እንዲተከል። ትቀበያለሽ ወይ አሉኝ።

ተነስቼ ተናገርኩ። «አባቶቼ፣ አባዬን ስላሳዘንኳቸው ጉልበታቸውን እስማለሁ። ደብቄ ስላደረግሁትም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ፀሐዩ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ልጄ ደግማ ከወደቀች ሰባተኛውንም እቆርጣለሁ።»

አንደኛው ሽማግሌ ይህች ሴት ጤነኛ ናት ወይ ብሎ ባለቤቴን ጠየቀው። ባለቤቴ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። በዚያ ዝምታው ለብዙ ቀን ተቀየምኩት። ሽማግሌዎቹ ፍርዱ እንደጸና ነው ብለው እንደተለያየን ግን ቤት ገብቶ መጥረቢያና ዶማ ይዞ ወጣ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ አንድ ቃል ጉቶዎቹን ከነሥራቸው ነቅሎ ጨረሰ። ሰው ፊት የማይናገር ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አልጠይቀውም።

ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። አማቴ ግን ቤቴ መብላት ተዉ። ለልጅቷ እየመጡ በር ላይ ቆመው አይተዋት ይመለሳሉ፤ የተቆፈረውን መሬት እንዳያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

መደቡ ግን ያዘ። መምህሩ በእሁድ ቀኑ መጥቶ ከልጄ ጋር አበጀው፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ጥግ ላይ ቲማቲም። ቤት ውስጥ አዲስ አዛዥ ተሾመ። ልጄ ከክፍል የተማረችውን ሁሉ ማዕዳችን ላይ ታራግፈዋለች። ጎመኑ እስኪሞት አይቀቀልም። ሎሚ ይጨመቅበታል። ሻይ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆያል። እንቁላሉ ገበያ አይሄድም። ጎረቤት ቀይ ሥር ይዞላት መጥቶ ብይው፣ ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል ሲላት፣ በቀለሙ አይደለም ብላ አስተማረችው። ሰውየው ተቀይሞ ሄደ።

ከሁሉ የከበደው የሻዩ ነገር ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከእራት በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ እንደታሰረ ሰው ይቀመጥ ነበር። አንድ ማታ ተደብቆ ወጥ ቤት ሲጠጣ ያዘችው። ብርጭቆውን ተቀብላው አጥባ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ቢያንስ በእሷ ፊት ሰዓቱን ይጠብቃል።

እኔ ደግሞ በፍስክ ጎመን አቀረብኩ። እንግዳ ሲመጣም አቀረብኩ፤ እንቁላል ቀቅዬ ከጎኑ፣ በትልቁ ሳህን። ቤቷ ችግር ገባ አሉ። ይበሉ። ችግር የገባው መኮሮኒውን ስንቆልል ነበር፤ ያኔ ማንም ምንም አላለም።

እንክብሉ አለቀ። ጤና ጣቢያ ተመልሰን ተመረመረች። ነርሷ ከፍ ብሏል፣ ግን ገና ነው፤ በያዛችሁት ቀጥሉ አለችን። ገና ነው የሚለው ቃል ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። ክረምቱ እየገባ ነበር።

አንድ ቀን ከሚዛን ገበያ ስመለስ አማቴ የሽማግሌዎቹን ፍርድ ፈጽመው አገኘሁ። እኔ በሌለሁበት ወርደው በጎመኑ መሐል ስድስት ጉድጓድ ቆፍረው ስድስት የቡና ችግኝ ተክለዋል። አንድ ጎመን አልረገጡም፤ እያንዳንዱን ችግኝ በመደቦቹ መካከል አስገብተው ከላይ ትንንሽ ዳስ ሠርተውላቸዋል። ጥሩ አድርገው ነው የተከሉት። በሁለት በሦስት ዓመት ጎመኑ ላይ ጥላ ይሆናል። ዘንቢሌን አስቀምጬ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ደከመኝ። ሽማግሌ፣ ጎረቤት፣ ዘመድ ሁሉ ታየኝና፣ ይሁን እንግዲህ፣ ለሦስት ዓመት ያብላን የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አየችው። ምንም አልጠየቀችኝም። ደብተሯን አስቀምጣ፣ ትንሿን መኮትኮቻ አንስታ፣ ችግኞቹን አንድ በአንድ ከነአፈራቸው አወጣቻቸው። ሥሩ እንዳይበጠስ ዙሪያውን ነው የቆፈረችው፤ መምህሩ እንዳስተማራት። በኮባ ቅጠል ጠቀለለቻቸው። ከዚያ ሦስቱን አቅፋ ዳገቱን ያዘች። ተዪ ልላት ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ተከተልኳት።

የአያቷ በር ላይ ሦስቱን ደርድራ አስቀመጠችና እኔን አልፋ ወረደች። ሌሎቹን ሦስት ይዛ እንደገና ወጣች። አማቴ ድምፅ ሰምተው ከቤት ሲወጡ ስድስቱ ችግኝ በራቸው ላይ ተደርድሯል፤ ልጅቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆማለች። ማን ነው ይህን ያደረገው አሉ፣ እኔን እያዩ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች። «ሥራቸው አልተነካም። እዚህ ይተከሉ፣ እዚህ ጥላ አለ።»

አማቴ ተቆጡ። እንዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ሽማግሌ የፈረደውን ሕፃን አይነቅለውም አሉ። ልጅሽን ያበላሸሻት አንቺ ነሽ፤ አሁኑኑ እግሬ ላይ ውደቂ በያት፣ ይቅርታ አስጠይቂያት አሉኝ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እንድወስንላት ነበር የምትጠብቀው።

እኔ ግን የማየው ደረቷን ነበር። በዚያ ዳገት ሁለት ጊዜ ከነሸክሟ ወጥታለች፤ ደረቷ አይርገበገብም፣ ከንፈሯ አልነጣም፣ የምትቀመጥበት ድንጋይ እየፈለገች አይደለም። አማቴም ቀስ ብለው የማየውን አዩ። እግሯን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ ዳገቱን ቁልቁል አዩ።

«አባዬ» አልኳቸው፣ «ይህች ልጅ ሳትቀመጥ ነው የወጣችው። ለዚህ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ከእኔ ቤት አይወጣም።»